የሳሊ ልጅ

ቅድመ አያቱ የቸሮኪ ልዕልት ያልነበረች ነጭ እስካሁን አልገጠመኝም። አውሮፕላን ላይ አጠገቤ የተቀመጠው የመድን ሻጭ፣ ጥርሴን የነቀለችው ሐኪም፣ መንጃ ፈቃዴ ላይ ስሜን አንብቦ ፈገግ ያለው የትራፊክ ፖሊስ፣ ሁሉም አንድ አንድ ልዕልት አለቻቸው። ሁልጊዜ ሴት ናት፣ ሁልጊዜ ቆንጆ ናት፣ ሁልጊዜም ሞታለች። እኛ ቸሮኪዎች፣ የአሜሪካ ነባር ሕዝብ፣ ልዕልት ኖሮን አያውቅም። ይህን በሁለት መጽሐፍ ጽፌአለሁ፤ በየአዳራሹም ተናግሬ ብዙ ሰው አስቀይሜአለሁ፤ አልጸጸትም። የሰው መሬት ወስደው ሲጨርሱ የሰውን ሙታን ደግሞ ለመውሰድ የሚመጡትን በለሰለሰ ቋንቋ ማነጋገር አልችልበትም።

ከነዚያ ልዕልቶች አንዷን ግን የፈጠርኳት እኔ ነኝ። ዘጠኝ ዓመቴ ነበር።

ጊዜው በፈረንጆቹ 1966 ነው፣ ግንቦት፣ እንጆሪ የሚለቀምበት ወር። የምንኖረው በምሥራቅ ኦክላሆማ ኮረብቶች መካከል አርባ ኤከር መሬት ላይ ነበር፤ አያቴ፣ አጎቴ ሌቪና እኔ። አያቴን በቋንቋችን ኤሊሲ እንላታለን። ሌቪ ከኮሪያ ጦርነት ሦስት ጣት ጎድሎት የተመለሰ፣ ሳቁም ቁጣውም ቅርብ የሆነ ሰው ነው። እናቴ ካሊፎርኒያ ዓሣ በቆርቆሮ የሚያሽግ ፋብሪካ ውስጥ ትሠራ ነበር፤ በየገናው ካርድ ትልካለች። ካርዶቹን ከኤሊሲ ጋር ከምተኛበት አልጋ ሥር አስቀምጣቸው ነበር። አራት ነበሩ።

መሬቱ በኤሊሲ ስም አልነበረም። መንግሥት የጋራ መሬታችንን ቆራርሶ ለየሰው ሲያድል ያ አርባ ኤከር የደረሰው ለታላቅ እህቷ ለሳሊ ነው። ሳሊ ዓለምን ባዳረሰው የኅዳር በሽታ ሞተች፤ ባሏም በሦስተኛው ቀን ተከተላት። ከዚያ ወዲህ ኤሊሲ አርባ ስምንት ዓመት እዚያው አረሰች፣ ወለደች፣ ቀበረች። ከእሷ በቀር ወራሽ አልነበረምና ወረቀት አምጪ ያላት ሰው የለም። ይህን ሁሉ ያወቅሁት ካደግሁ በኋላ ነው። ያኔ መሬቱ እንደ ጉልበቷ፣ እንደ አገጯ፣ የገላዋ ክፍል ይመስለኝ ነበር።

ኤሊሲ እንግሊዝኛ አትናገርም። ሌቪ ሳምንቱን ሙሉ ችግኝ ጣቢያ ስለሚውል ሱቅም ክሊኒክም ይዣት የምሄደው እኔ ነበርኩ። አፏ ነበርኩ። በዚህ የተነሣ ሰፈሩ ውስጥ እንደ እኔ የሚኮራ ልጅ አልነበረም። ሌቪ «አፈ ጮሌዋ» ይለኛል። «አፈ ጮሌዋ፣ ነይ እስኪ ለዚህ በሬ ንገሪልኝ፣ ቸሮኪኛ አልገባውም።»

አንድ ቅዳሜ ነጭ መኪና መጣ። ከውስጡ ሠላሳዎቹን ያጋመሰች ሴት ወረደች፤ ጓንት አድርጋለች፣ የጫማዋ ተረከዝ ጭቃው ውስጥ ይሰምጣል። ከቱልሳ ነበር የመጣችው፤ ስሟም ወይዘሮ ፔቲግሩ። ኤሊሲ የድሮ ሰው ዘር ትቆጥራለች ተብሎ ተወርቶ ኖሮ እንደዚያ ያሉ ጠያቂዎች አልፎ አልፎ ይመጡብን ነበር።

ሌቪ ከበሩ ሆኖ አያትና «ዘንድሮ ሦስተኛዋ ልዕልት» አለ፣ በቋንቋችን። «እማዬ፣ እንጆሪውን ትተን ዘመድ ብንቸረችር ያዋጣናል።»

«እንግዳ ናት» አለች ኤሊሲ። «ወንበር አምጣ።»

«ወንበሩ እግሩ ተሰብሯል።»

«ያንተን አምጣ እንግዲያ።»

አመጣ። ከዚያ ጠመንጃውን አንግቦ ሽኮኮ ሊያድን ወደ ጫካ ሄደ። እስከ ሞተበት ቀን ድረስ «ያን ቀን ሽኮኮ አማረኝ» እያለ ራሱን ሲረግም ኖረ።

ኤሊሲ በበቆሎ ልጣጭ ጠቅልላ የቀቀለችውን የቦሎቄ ዳቦ አቀረበች፣ ከጨው ሥጋ ጋር። ሴትዮዋ በሁለት ጣቷ እየቆረሰች በላች። ከዚያ ቦርሳዋን ከፍታ ፎቶግራፍ አወጣች፤ ነጭ ቀሚስ የለበሰች ጠቆር ያለች ልጅ። «እናቴ ናት። ኦፓል» አለችኝ። «በአንድ ዓመቷ ከሙት ልጆች ቤት ወስደው አሳደጓት። መዝገቡ ላይ የእናት ስም ሳሊ፣ ቀይ ሕንድ ይላል። ሌላ ምንም የለም። ዕድሜዬን ሙሉ ማን እንደሆንኩ አላውቅም፤ ይገባሻል የኔ ቆንጆ?»

ሳሊ! በእኛ ኮረብታ ድንጋይ ቢወረወር ሦስት ሳሊ ይመታ ነበር። ያን ጊዜ ግን በዓለም ላይ አንዲት ሳሊ ብቻ ያለች መሰለኝ፤ የእኛዋ።

ሴትዮዋ እጄን ያዘች። ጓንቷን አውልቃ ነበር፤ እጇ የሳሙና ሽታ አለው። «እውነት ከሆነ እኮ አንቺና እኔ ዘመዳሞች ነን። ቱልሳ ባንቺ ዕድሜ ልጅ አለችኝ። መጥተሽ ትከርሚያለሽ። ለብቻሽ አልጋ ይኖርሻል።» ከዚያ ወደ ኤሊሲ ዞረች። «እህትዎ ሴት ልጅ ወልደው ነበር? በያቸው።»

ጠየቅኳት።

«ወልዳ ነበር» አለች ኤሊሲ። «እዚያ ናት።» ከምንጩ በላይ ሙታናችን ያረፉበትን፣ ጥዶቹ የተሰበሰቡበትን ቦታ በአገጯ አመለከተች።

«ወልዳ ነበር ትላለች» አልኩ። እዚያ ናት ያለችውን ዋጥኩት። ሴትዮዋ ዓይኖቿ እንባ ሞልተው ነበር፤ በእኔ ቃል ሰው ሲያለቅስ አይቼ አላውቅም።

«ሕፃኗን ታዲያ ሰጧት? ለሌላ ቤተሰብ፣ ለነጮች ሰጧት?»

ይህንንም በትክክል ወደ ቋንቋችን መለስኩ። ኤሊሲ አልመለሰችም። የድስቱን ክዳን አንሥታ እንደገና ከደነችው።

አንድ ነገር መናገር አለብኝ። ኤሊሲ ባደገችበት ሥርዓት ቤትህ ገብቶ እህልህን የቀመሰን ሰው ፊት ለፊት «አይደለም» አይሉትም። ዓይንህን ወደ ሌላ ታነሣለህ፣ ዝም ትላለህ። ያ ዝምታ እምቢታ ነው። እንግዳው ጨዋ ከሆነ ይገባዋል፣ ስለ ዝናብ ማውራት ይጀምራል። ይህን እኛ ዘንድ ጥርስ ያላወጣ ሕፃን ያውቀዋል። እኔም አውቀው ነበር። ባለማወቅ ነው ያደረግሁት እያልኩ ብዙ ዓመት ራሴን ሸንግያለሁ፤ አሁን በቃኝ። ዝምታው ሲጀምር ምን እንዳለች በደንብ ሰምቻታለሁ።

«ምን አሉ?» አለች ሴትዮዋ።

የሳሙናው ሽታ አፍንጫዬ ውስጥ ነበር። ለብቻዬ የሚሆን አልጋ አየሁ።

«አዎን ትላለች» አልኩ።

ኤሊሲ ቀና ብላ አየችኝ። ረጅም ጊዜ አየችኝ። ከዚያ ማንኪያውን አንሥታ በሴትዮዋ ሳህን ላይ ምግብ ጨመረች። ደስ ብሏታል አልኩ በልቤ። ሴትዮዋ ተነሥታ አቀፈቻት፤ የአያቴ እጆች ወደ ታች ተንጠልጥለው ቀሩ፣ ሚስማር ላይ እንደ ተሰቀለ ካፖርት። ይህንንም ዓይን አፋርነት ነው አልኩ። ሴትዮዋ ትንሽ ደብተር አውጥታ እየጻፈች ነበር። ስሜን ጠየቀችኝ፤ ኖራ ድራይዋተር አልኳት፤ እንዴት እንደሚጻፍም ነገርኳት።

ወይዘሮ ፔቲግሩ አምናበት ነበር ወይስ ዓይኗ መሬቱ ላይ ነበር? ሰዎች ይህን ይጠይቁኛል። አምናበት ነበር ይመስለኛል፤ የሚያናድደኝም ይኸው ነው። ሌባ ሌባ መሆኑን ቢያውቅ አንድ ቀን ያፍር ይሆናል። ያመነ ሰው መቼ ነው የሚያፍረው? እያለቀሰች ወደ ቤቷ ሄደች፣ ለባሏ ነገረች፣ ባሏ ለጠበቃ ነገረው፤ ጠበቃው ደግሞ መሬቱ በማን ስም እንደሆነ አየ።

ክረምቱን ሙሉ ከቱልሳ ጥሪ ስጠብቅ ነሐሴ ላይ ደብዳቤ መጣ። ማኅተም ነበረበት። ሌቪ የፒክአፑ መርገጫ ላይ ተቀምጦ ሁለት ጊዜ አነበበው።

«እማዬ፣ ለዚያች ሴት ምን አልሻት?»

«በልታ ሄደች።»

«የሳሊ የልጅ ልጅ ነኝ ትላለች። ወራሿ እኔ ነኝ፣ እናንተ በሰው መሬት ላይ ናችሁ ትላለች። የሳሊ ልጅ ለነጮች ተሰጠች ብለሻት?»

ኤሊሲ ባቄላ ትፈለፍል ነበር። መፈልፈሏን አላቆመችም።

«ከእንግዳ ጋር ቆርሰሽ ቤቱን በላሽው እኮ!» ከዚያ ወደ እኔ ዞረ። «አፈ ጮሌዋ፣ ነይ እስቲ። አያትሽ ያን ቀን ምን አለች?»

አፌን ስከፍት ኤሊሲ ቀደመችኝ። «ተዋት። ውሃ ታምጣ።»

«ውሃ አለ እናቴ፣ ባልዲው ሙሉ ነው።»

«ድፋውና ታምጣ።»

ወደ ምንጩ ወረድኩ። የአዋቂ ወሬ ስለሆነ ያስወጡኝ መሰለኝ። በልቤም ደስ ብሎኛል፤ ደብዳቤው የዘመድነት ነው፣ ሌቪ የሚቆጣው ነጭ ስለማይወድ ነው፤ እንዲህ ነበር የተረዳሁት። ፍርድ ቤት ሲባልም ሰው ከቤተሰብ የሚመዘገብበት ቦታ መሰለኝ። ለዚያ ቀን ነጭ ካልሲዬን ራሴ አጠብኩ።

ፍርድ ቤቱ ሙቅ ነበር። ጣሪያው ላይ ያለው ማራገቢያ ዝንቦቹን ከማዞር በቀር የሚሠራው አልነበረም። ወይዘሮ ፔቲግሩ ባርኔጣ አድርጋ ከፊት ተቀምጣለች፤ እጄን አውለበለብኩላት፣ እሷም አውለበለበችልኝ። ሌቪ እጄን ያዘና ጉልበቴ ላይ መለሰው፤ ጣቶቹ በጎደሉት እጁ ነበር፣ አጥብቆ ነበር የያዘኝ። ጠበቃ አልነበረንም። ከእኛ ወገን ፓስተር አሞስ ሊያስተረጉም መጥቶ ነበር፤ ካፖርቱን ላቡ ቢያጠምቀውም አላወለቀም።

የሴትዮዋ ጠበቃ ደብተሩን አነበበ። ቀኑ፣ ቤቱ፣ ጥያቄው፣ መልሱ። «አስተርጓሚ፣ የምስክሯ የልጅ ልጅ ኖራ ድራይዋተር» ብሎ ስሜን በአዳራሹ ውስጥ ሲጠራ ቀጥ ብዬ ተቀመጥኩ።

ሌቪ ብድግ አለ። «ክቡር ዳኛ፣ ልጅ ናት። ከፍየል ጋር የምታወራ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ናት። የሳሊ ሕፃን ሞታለች፣ መቃብሯን ላሳይዎት።»

«ድንጋዩ ላይ ስም አለ?»

«የእኛ ድንጋይ ስም የለውም። እናቴ ናት የተሸከመቻት፣ አሥራ ሁለት ዓመቷ ነበር፤ እሷን ይጠይቋት።»

«ልጠይቃት ነው። አንተ ተቀመጥ።» ዳኛው ክፉ ሰው አይመስልም ነበር፤ ምሳው የዘገየበት ሰው ነው የሚመስለው። «ጥያቄው ቀላል ነው። ወይዘሮዋ ጠየቁ፣ ልጅቱ አዎን ብላ ተረጎመች። ልጅቱ የተረጎመችው የአያቷን ቃል ነው ወይስ ልጅቱ ዋሽታለች? ይህን ብቻ ይንገሩኝ።»

ፓስተር አሞስ ወደ ኤሊሲ ጎንበስ አለ። ድምፁን ዝቅ ቢያደርግም ከሁለተኛው አግዳሚ ይሰማኛል። «እናቴ፣ ይህ ሰው የልጅ ልጅሽ ዋሽታለች ወይ ይላል። አልዋሸችም ካልሽ ነገሩ አለቀ። በደንብ አስቢበት።»

ኤሊሲ በሰዎቹ መካከል ስትፈልግ ቆይታ አገኘችኝ። ጥቁር የቤተ ክርስቲያን መሐረቧን አስራ ነበር። ያን አስተያየቷን አውቀዋለሁ፤ እንጆሪ ለቅሜ ስመለስ ፊቴ የተቆሸሸ እንደሆነ የምታየኝ አስተያየት ነው።

«ልጄ አትዋሽም» አለች።

ፓስተሩ አልተረጎመም። «እናቴ» አለ።

«ሰምተሃል አሞስ። ንገረው።»

ነገረው። ሌቪ ሊነሣ ቃጥቶ መልሶ ተቀመጠ። እኔ ደግሞ፣ እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝና፣ በዚያ አዳራሽ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ አይቶኝ እንደሆነ ዞር ዞር ብዬ ተመለከትኩ። አያቴ በዳኛ ፊት አሞገሰችኝ! ደረቴ በኩራት ሊፈነዳ ደረሰ።

በጥቅምት ወጣን። ወይዘሮ ፔቲግሩ መሬቱን አንድ ቀን እንኳን አልኖረችበትም፤ ለከብት አርቢ ሸጠችው፤ እሱም ሽቦ አጠረበት። ሌቪ የሥጋ ማጠኛውን ጎጆ ሳንቃ በሳንቃ ነቅሎ ፒክአፑ ላይ ጫነ፤ ሚስማሮቹን እያቃና ኪሱ ይከት ነበር። ከአውራ ጎዳናው ዳር፣ ከከብት መኖ መጋዘን ጀርባ ሁለት ክፍል ቤት ገባን። የጭነት መኪና ባለፈ ቁጥር ሳህኑ ይንቀጠቀጣል።

ሳምንት እንደቆየን «መቼ ነው የምንመለሰው?» አልኩት ሌቪን።

ሚስማር እያቃና ነበር። ቀና አላለም። «የቱልሳዋን ዘመድሽን ጠይቂያት» አለ።

ያን ጊዜ ገባኝ። ሁሉም አይደለም፤ ግን በቂውን ያህል።

ከሠላሳ አንድ ዓመት በኋላ፣ አንድ ቤተ መዛግብት ውስጥ፣ የዚያን ዘመን የሕዝብ ቆጠራ ካርድ አገኘሁ። ሳሊ፣ ዕድሜ አሥራ ስምንት። ከሥሯ ጄኒ፣ ዕድሜ አራት ወር፣ በቀይ ቀለምም ሚያዝያ 1906 ሞታለች ተብሎ ተጽፎበታል። ካርዱ ያኔም እዚያው መደርደሪያ ላይ ነበር። ፈልጎ የሚያወጣ ጠበቃ ለመቅጠር አቅም የነበረው አንደኛው ወገን ብቻ ነው፤ ያ ወገን ደግሞ መፈለግ አላስፈለገውም።

ባለፈው ዓመት የወይዘሮ ፔቲግሩ የልጅ ልጅ ጻፈችልኝ። ኬሊ ትባላለች፤ «ውድ የሥጋ ዘመዴ» ብላ ነው የጀመረችው። በኢንተርኔት የቤተሰብ ዛፍ ሠርታለች። ከሳሊ ሥር ኦፓል፣ ከኦፓል ሥር ሎሬን፣ ያቺው ወይዘሮ ፔቲግሩ፣ እያለ እስከ ራሷ ልጆች ይወርዳል፤ ልጆቿ ትምህርት ቤት ውስጥ ስለ ሕዝባቸው ንግግር ያደርጋሉ አለችኝ። ማስረጃ በሚለው ቦታ የፍርድ ቤቱ ውሳኔ አለ። በዚያ ዛፍ ላይ ኤሊሲ የለችም። የካርዱን ፎቶ ላክሁላት። «አክብሮቴ እንዳለ ሆኖ፣ የእርስዎ አያት እኮ በመሐላ መስክረዋል» ብላ መለሰችልኝ። ልክ ናት። መስክራለች።

ሌቪ ሲሞት አጠገቡ ነበርኩ። ጉሮሮው ውስጥ ቱቦ ከመግባቱ በፊት በነበረው ቀን፣ ከፍርድ ቤቱ በፊት የነበረውን እሑድ አጫወተኝ። ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ መንገድ ዳር ፒክአፑን አቁሞ ለምኗት ነበር።

«‹ተሳስታለች በይ› አልኳት። ‹ልጅ ናት፣ ቋንቋው አምታታት በይ። አንዲት ቃል ናት እማዬ።› ምን አለችኝ መሰለሽ? ‹አልተሳሳተችም። ያቺን የነጮች አዎን ዶሮዎቼም ያውቋታል። እዚያው ሰምቻታለሁ።› ‹እንግዲያ ዋሽታለች በይ› አልኳት። ‹በነጮች ሸንጎ፣ በነጮች ወረቀት፣ የልጄን ስም ውሸታም ብዬ ላስጽፍ?› አለችኝ። ‹መሬት ስንት ጊዜ ወስደውብናል፤ ይህን ግን በገዛ አፌ አልሰጣቸውም።›»

«ለምን አልነገርከኝም?»

«አስምላኝ ነበር» አለ። «ደግሞም በጣም ተናድጄብሽ ነበር። ሃያ ዓመት ያህል።»

እኔም ተናድጃለሁ፤ በእሷ። ሰው እንዲያለቅስ ብዬ የምጽፈው ነገር አይደለም። አያቴ ተሳስታለች። ውሸታም ነበርኩ፤ ውሸታም ተብዬ ተጽፌ፣ ተገርፌ፣ በዚያ ምንጭ አጠገብ ባድግ ይሻለኝ ነበር። ሌቪም እዚያ ያረጅ ነበር። እሷም እዚያ ትቀበር ነበር። በሁለተኛው ዓመት የካቲት ላይ ሞተች፤ ከብት አርቢው ሽቦውን ለቀብር ሊከፍት አልፈቀደም፤ ከሳሊና ከጄኒ ርቃ በቤተ ክርስቲያኑ ግቢ፣ ከማታውቃቸው ሰዎች መካከል ተቀበረች።

ከመንገዱ ዳር ቤት ከገባን ወዲህ ኤሊሲ ሱቅ መላክ ተወችኝ። ክሊኒክም አልወሰደችኝም። ነጭ ሰው ቤት ሲመጣ «ውጪ ተጫወቺ» ትለኛለች። ቅጣት መሰለኝ፤ አኮረፍኳት። እኔ ከተኛሁ በኋላ ሌቪ እየደጋገመ የሚያስጠናት የእንግሊዝኛ ቃል እንዳለ አላውቅም ነበር፤ ጨው፣ ላምባ፣ ክር፣ የጉልበቴ መድኃኒት።

አንድ ቀን ከትምህርት ቤት ስመለስ መደብሩ ውስጥ አየኋት። ሰባ ሁለት ዓመቷ ነው። መሐረቧን አስራ፣ ሁለት እጇን ባንኮኒው ላይ አድርጋ፣ ለባለሱቁ አንዲት የእንግሊዝኛ ቃል ትናገራለች። አልገባውም፤ «ምን?» ይላታል። ደግማ ትናገራለች። ምላሷ ቃሏን አልይዝ እያለ አፏ ውስጥ ያንከባልላታል፤ ሰውየው ጆሮውን በእጁ ደግፎ «ምን?» ይላል፤ እሷም እንደገና፣ ቀስ ብላ። በበሩ መስታወት ስታየኝ እንድገባ አልጠራችኝም። በእጇ ሂጂ አለችኝ።

የባለሱቁ ልጅ የክፍል ጓደኛዬ ነበረች፤ ከውጪ አጠገቤ ቆማ አያቴን እያስመሰለች ታሾፍባት ጀመር። ማስመሰሉን ትችልበታለች። እኔ ግን ቃሏን የምትሰባብርበትን ልክ አውቀዋለሁና እንዲህ ነው እንጂ ብዬ አስተካከልኩላት፤ ሁለታችንም መስታወቱን ይዘን እስኪያመን ድረስ ሳቅን።